መስመሩ በራ፤ እግረኛውስ?

ሌሊት መሪ የጨበጠ ሰው ዓይን ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው መንገዱ ላይ ምን እንዳለ ማየት ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት መሐንዲሱም፣ ቀለም ቀማሚውም፣ ፈልሳፊውም በአስፋልት መስመር ላይ ያፈሰሱት ብልሃት ከሞላ ጎደል የመጀመሪያውን ሥራ ያቀለለ ነው። ሁለተኛው እምብዛም ፈቀቅ አላለም። በጨለማ ራሱን ችሎ የሚያበራ መስመር ከኔዘርላንድስ እስከ ማሌዥያ ዜና በሆነ ቁጥር ግን «የሌሊት አደጋ ሊቀንስ ነው» የሚል ተስፋ አብሮት ይመጣል። ተስፋውን ዓመታቱ ካስመዘገቡት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመንገድ መስመር ሲጀመር ለሌሊት የታሰበ አልነበረም። በ1911 በአሜሪካ ሚሺጋን የዌይን ካውንቲ መንገድ ኮሚሽን አባል የነበረው ኤድዋርድ ሃይንስ ሪቨር ሮድ በተባለው መንገድ የመሐል መስመር አስቀባ። ሐሳቡን ያገኘው ከወተት ጋሪ ሲንጠባጠብ የቀረውን ነጭ ፈለግ አይቶ ነው ይባላል። በ1917 ደግሞ በካሊፎርኒያ ኢንዲዮ ከተማ አጠገብ ጁን ማካሮል የተባለች ሐኪም ከፊቷ የመጣ የጭነት መኪና ከመንገድ ካስወጣት በኋላ ለዚያ መንገድ የመሐል መስመር ይሰመርለት ብላ ተነሣች። ሁለቱም የፈለጉት ፊት ለፊት የሚመጡ መኪኖች እንዳይላተሙ ነበር። ተራ ነጭ ቀለም ሌሊት ላይ ብዙ አይረዳም፤ የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ለሌሊት ተብሎ ከተሠራው ሁሉ ዝነኛው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የሃሊፋክሱ መንገድ ጠጋኝ ፐርሲ ሾው በ1934 «የድመት ዓይን» የሚባለውን አንጸባራቂ በስሙ አስመዘገበ፤ በዓመቱ ፋብሪካ ከፈተ። አሠራሩ ዛሬም ያስደንቃል። የመስታወት ዓይኖቹ የተተከሉት በላስቲክ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ በብረት ማቀፊያ ላይ ይቀመጣል። ጎማ ሲረግጠው ላስቲኩ ይጨፈለቅና ዓይኖቹን ይጠርጋቸዋል፤ ከሥር የተጠራቀመው የዝናብ ውሃም ያጥባቸዋል። በረገጡት ቁጥር ራሱን የሚያጸዳ የመንገድ ዕቃ ከዚያ ወዲህ ስንት ተሠራ?

ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማ እንዳይለዩ በብሪታንያ የመንገድ መብራት ጠፋ፤ የመኪና መብራትም በጭምብል ተሸፈነ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ የዛፉ ግንድ፣ የምሰሶው እግር ሁሉ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ የድመት ዓይንም ተፈላጊነቱ ጨመረ። የፍጥነት ወሰኑ በከተማ ሌሊት ሌሊት በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ዝቅ አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ በ1941 በብሪታንያ መንገዶች 9,169 ሰው ሞተ፤ በአገሪቱ የመንገድ አደጋ ታሪክ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያልታየ ቁጥር ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በጨለማ የተገጩ እግረኞች ነበሩ። የሾውን ፈጠራ የሚያወድሱ ጽሑፎች የጦርነቱን ጨለማ እንደ ድል ዘመኑ ይተርኩታል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው፦ ሾፌሩ መንገዱን እንዳይስት ተደረገ፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሰው ግን አላየም።

ከጦርነቱ በኋላ ዓለምን ያዳረሰው የድመት ዓይን ሳይሆን የብርጭቆ ፍሬ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ከአሸዋ የማይተልቁ ክብ የብርጭቆ ፍሬዎች ይነሰነሱበታል። የመኪናው መብራት ወደ ፍሬው ሲገባ ይታጠፋል፤ ከበስተጀርባ ካለው ቀለም ላይ ነጥሮ ወደመጣበት ይመለሳል። ሾፌሩ የተቀመጠው መብራቱ አጠገብ ስለሆነ መስመሩ ለእሱ ብቻ የበራ ይመስለዋል። ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በማንኛውም የቀለም መቀቢያ መኪና ይሠራል። ድክመቱ ዝናብ ነው፤ ውሃ ፍሬዎቹን ሲሸፍናቸው ብርሃኑ ወደፊት ይንሸራተታል፤ መስመሩ በጣም በተፈለገበት ሌሊት ይጠፋል። ሌላው ጠላቱ ጎማና አቧራ ናቸው። ፍሬዎቹ ተፍቀው ያለቁበት መስመር ቀን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሌሊት ግን የለም። የመንገድ ኃላፊዎች ደግሞ የሚፈትሹት ቀን ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ማንም «መስመሩ ይታያል ወይ?» ከማለት አልፎ «ሲታይ ሾፌሩ ምን ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄውን የቀየሩት በ1977 ሳይንስ መጽሔት ላይ የጻፉት ሄርሼል ሊቦዊትዝ እና አልፍሬድ ኦወንስ ናቸው። ሐሳባቸው እንዲህ ነው። የሰው ዕይታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አቅጣጫን ይጠብቃል፤ በጠርዝ በጠርዝ የሚያልፈውን እያየ ሰውነትን ይመራል፤ ይህ በጨለማ ብዙም አይዳከምም። ሌላው ነገርን ለይቶ ያውቃል፤ ፊት ለፊት ያለው ጥቁር ነገር ጉቶ ነው ወይስ ሰው የሚለውን ይወስናል፤ ይህ ብርሃን ሲያንስ ክፉኛ ይወድቃል። ሾፌሩ መኪናውን በመስመሩ ውስጥ ያለ ችግር ስለሚመራ «ደህና አያለሁ» ብሎ ያምናል፤ የወደቀው ዕይታው አይታወቀውም። የሚታወቀው ያልጠበቀው ነገር ፊቱ ሲደቀን ነው።

ቁጥሩን እናስቀምጥ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መመሪያ በዚህ ፍጥነት ለመቆም 53 ሜትር ያስፈልጋል ይላል፤ ያውም በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬን። አጭር መብራት ጥቁር የለበሰን ሰው የሚያሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ርቀት ነው። የሚያበራ መስመር መንገዱን 200 ሜትር ወደፊት ቢያሳይ ሰውየው የሚታይበትን ርቀት በአንድ ክንድ አይጨምረውም። ሾፌሩ ግን የሚነዳው ለ200 ሜትሩ ነው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1993 ፊንላንዳዊው ቬሊ-ፔካ ካልበርግ «አንጸባራቂ ምሰሶዎች የአደጋ ምልክት ናቸውን?» ብሎ ያወጣው ጥናት፣ በመንገድ ደኅንነት ሙያ ውስጥ በጣም ከማይመቹት ግኝቶች አንዱ ነው። በፊንላንድ ገጠር መንገዶች ጠርዝ ላይ አንጸባራቂ ምሰሶ ተተከለ፤ ካልተተከለባቸው ተመሳሳይ መንገዶች ጋርም ተነጻጸረ። ጠባብና ጠመዝማዛ በሆኑት፣ የፍጥነት ወሰናቸው 80 ኪሎ ሜትር በሆነው መንገዶች ላይ ምሰሶው ከተተከለ በኋላ በጨለማ የሚነዱ ሰዎች ፍጥነት ጨመረ፤ ጉዳት ያደረሰ የጨለማ አደጋም አብሮ ጨመረ። ደረጃቸው ከፍ ባለ፣ 100 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድባቸው መንገዶች ላይ ግን ያን ያህል ጉዳት አልታየም። ሾፌሩ ያገኘውን ዕይታ በፍጥነት መንዝሮ ጨርሶታል ማለት ነው።

አሜሪካኖች በ2004 ያወጡት ሰፊ ጥናት ነገሩን በቁጥር አጠበቀው። በጄኒ ባሃር የተመራው ቡድን በአስፋልት ላይ የሚተከሉትን ቋሚ አንጸባራቂዎች በበርካታ ግዛቶች መዝኖ ነበር። በቀን ከ5,000 ያነሰ መኪና በሚያልፍበት ባለሁለት ረድፍ የገጠር መንገድ፣ በጠባብ ኩርባ ላይ፣ አንጸባራቂው ከተተከለ በኋላ የሌሊት አደጋ በ43 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በቀን ከ15,000 በላይ በሚያልፍበትና እምብዛም በማይጠማዘዘው መንገድ ግን በ24 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በቀን ከ60,000 በላይ መኪና በሚያስተናግድ ባለአራት ረድፍ የፍጥነት መንገድም ቅነሳው ወደ ሢሶው ተጠጋ። ዕቃው አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ቦታው ተገለባበጠ። «የሚያበራ መስመር ሌሊት መንዳትን አስተማማኝ ያደርጋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላየሁም፦ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና መኪና በበዛበት መንገድ አዎን፤ ጭር ባለ ጠመዝማዛ ላይ ሊያባብስ ይችላል።

ይህን ያነበበ ሰው መስመር ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ እንዳይደመድም ሁለት ነገር ልጨምር። በ2012 በካንሳስ፣ በሚሺጋንና በኢሊኖይ ገጠር መንገዶች ላይ የተሠራ ጥናት የጠርዝ መስመሩን ከ10 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ብቻ አደጋን ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መሐል መስመሩ ላይ ጎድጎድ ተደርጎ የሚቆረጠው፣ ጎማ ሲነካው የሚያንገጫግጨው ጭረት ደግሞ በ2009 ሲመዘን በባለሁለት ረድፍ የገጠር መንገድ ላይ ጉዳት ያደረሰ የፊት ለፊትና የጎን ግጭትን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚያንገጫግጨው ጭረት ምንም አያበራም። ሾፌሩን አያስደስተውም፤ በፍጥነት ንዳ ብሎም አይጋብዘውም። ያንቀላፋውን ያነቃዋል፤ በቃ። ፎቶግራፍ ላይ ስለማያምር ይሆናል ዜና የማይሠራለት።

ፎቶግራፍ ላይ የሚያምረው የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። በ2012 ዲዛይነሩ ዳን ሮዝጋርደና ሃይማንስ የተባለው የግንባታ ድርጅት «ብልህ አውራ ጎዳና» የሚል ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ፤ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊት የሚያበራ መስመር፣ ብርድ ሲመጣ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል የሚያወጣ ቀለም፣ ሌላም ብዙ። ሽልማት አገኙበት። በሚያዝያ 2014 በኦስ ከተማ አጠገብ ኤን329 በሚባለው መንገድ ላይ 500 ሜትር ያህል አረንጓዴ መስመር ተቀባ፤ እስከ 8 ሰዓታት ያበራል ተባለ፤ ሥዕሉም ዓለምን ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጣለ፤ እርጥበት መስመሩን እንዳደበዘዘውና የተሻሻለ እንደሚሠራ ድርጅቱ ተናገረ። የበረዶ ቅንጣቱ ቀለም ወደ መንገድ አልወጣም። በዚያው ዓመት ኅዳር ኑነን አጠገብ በቫን ጎኽ የከዋክብት ሌሊት ሥዕል መንፈስ የተሠራ የብስክሌት መንገድ ተከፈተ፤ በጣም ያምራል፤ ግን ጌጥ ነው፤ ፀሐይ ባነሰ ቀን የሚደግፉት የኤሌክትሪክ አምፖሎችም አሉት። በ2016 ፖላንድ ሊዝባርክ ቫርሚንስኪ አጠገብ ሰማያዊ የሚያበራ አጭር የብስክሌት መንገድ ሠራች።

ቀለሙ ለምን እንደሚደክም ማወቅ ከባድ አይደለም። የሚሠራው ስትሮንቲየም አሉሚኔት በተባለ ውህድ ነው፤ ኢዩሮፒየምና ዲስፕሮዚየም ይጨመሩበታል። ጃፓኖች በ1990ዎቹ ሲያወጡት ከቀድሞው ዚንክ ሰልፋይድ በብዙ እጥፍ የሚበራና የሚቆይ ስለሆነ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ያልተሸፈነ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ እኩል እየቀነሰ አይሄድም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይፈነዳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የሚቆየው ጭላንጭል ነው። «10 ሰዓት ያበራል» ሲባል ዓይን ጨለማውን ከለመደ ጭላንጭሉን ያያል ማለት ነው። በመብራት ታጅቦ የሚመጣ ሾፌር ዓይኑ ጨለማ አልለመደም፤ የመኪናው መብራት መስመሩ ላይ ሲያርፍም የብርጭቆ ፍሬው መልስ የቀለሙን ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ የሚያበራው ቀለም ጥቅም ካለው መብራቱ ከማይደርስበት ርቀት ነው፤ ያም ምሽት ላይ። ሾፌሮች በሚያንቀላፉበት በሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀለሙም አብሯቸው ያንቀላፋል። ለኔዘርላንድስ ደግሞ የከፋ ነው፤ ሌሊቱ በሚረዝምበት ክረምታቸው ቀለሙን የምትሞላው ፀሐይ ደካማ ናት።

በዚህ ሒሳብ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ለማትደክመው፣ ሌሊቷም 12 ሰዓት ገደማ ለሆነው ማሌዥያ ነገሩ ይሻል ነበር። እዚያም ተሞከረ። በ2023 መጨረሻ በሴላንጎር ግዛት ሰሜኒ አጠገብ 245 ሜትር መንገድ ተቀባ፤ ሕዝቡ ወደደው፤ ግዛቶች ለተጨማሪ መንገዶች ዕቅድ አወጡ። ዓመት ገደማ ሲሆነው ወሬው ተለወጠ። በኅዳር 2024 ምክትል የሥራዎች ሚኒስትሩ አህማድ ማስላን ለፓርላማ ሲናገሩ የሚያበራው ቀለም በካሬ ሜትር 749 ሪንጊት፣ የተለመደው ቀለም 40 ሪንጊት እንደሚፈጅ ገለጹ፤ የባለሙያዎቹ ሙከራም አጥጋቢ ስላልሆነ ሥራው እንደማይቀጥል አስታወቁ። ለ245 ሜትሩ በወጣው ገንዘብ ወደ 4.6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ተራ አንጸባራቂ መስመር ይታደስ ነበር። አውስትራሊያ ግን ሙከራዋን አላቆመችም፤ ቪክቶሪያ በ2022 በሜቱንግ መንገድ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2024 ቡላይ ፓስ በሚባለው ቁልቁለት ጀምረዋል።

በእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ግማሽ ኪሎ ሜትር መንገድ ያለ ምንም መስመርም ዓመታትን ከባድ አደጋ ሳያይ ሊያሳልፍ ይችላል። እንዲህ ባለ አጭር ቦታ ላይ ስድስት ወር ቆይቶ «አደጋ ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ ጨመረም ማለት አይቻልም። የሚለካው የሰው አስተያየት ይሆናል፤ ሾፌር ደግሞ የሚያበራ መስመር ሲያይ ደኅንነት ይሰማዋል። ካልበርግ ያስፈራውም ይኸው ስሜት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚያበሩት የአስፋልት አንጸባራቂዎች ጉዳይ የተሻለ ነው፤ የሚጠቅሙበት ቦታ በግልጽ ተለይቷልና። በኤድንበራ ቀለበት መንገድ ላይ ባለው በሸሪፍሆል አደባባይ፣ መብራቶቹ ከትራፊክ መብራቱ ጋር ተያይዘው ረድፉ ሲለቀቅ እንዲበሩ ተደርጎ ሲጠና፣ ከረድፋቸው የሚወጡ መኪኖች ቀንሰው ተገኙ። አደባባዩ ጠመዝማዛ ቢሆንም መኪና የበዛበት፣ ረድፉ የሚያምታታና ፍጥነቱ የተገደበ ነው። ያገር ሰው ሁሉ የሚሸሸው ዓይነት አደባባይ ላይ መስመሩ እንዲበራ አድርጉ ብባል እኔም እስማማለሁ።

በቅርብ ዓመታት መስመሩ ሌላ አንባቢ አግኝቷል፤ ካሜራ። አውሮፓ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ ከረድፍ እንዳይወጣ የሚይዝ መሣሪያ አስገድዳለች። የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደርም በ2022 ባወጣው ደንብ፣ 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚነዳባቸው መንገዶች ላይ መስመር ሊመልሰው የሚገባውን አነስተኛ ብርሃን ወስኗል፤ ጭር ያሉ መንገዶችን ግን ግዴታ አላደረገባቸውም። ትንሽ ብትመስልም ትልቅ ለውጥ ናት፤ መስመሩ ተቀብቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ሌሊት ላይ ይሠራል ወይ በሚል ተተክቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የሚያበራ መስመር ከሚጠቅማቸው ወገን ነው፤ ሰፊ ነው፤ ታጥሯል፤ እግረኛም ጋሪም አይገባበትም። አሮጌው የቢሾፍቱና የሞጆ መንገድ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሌሊት አደጋ መንስኤ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ አለመታየቱ ብቻ አይደለም፤ ያለ መብራት የቆመ ተሳቢ፣ ከጠርዝ ላይ የሚሄድ ሰው፣ ጋሪ፣ ከብት፣ ረጅም መብራቱን የማይቀንስ መኪና ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሲመሽ የማደሩ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የሚያበራ መስመር ይሰመር የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ የፊንላንዱን ጥናት አስነብበዋለሁ፤ ኩርባው ጠባብ፣ የሌሊት መኪናው ጥቂት ነውና። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መስመሩ ነፍስ እንደሚያድን አልክድም፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አብሮት ካልመጣ ግን ጉም በሌለበት ሌሊት ዕዳ ይሆናል። ለገጠር መንገዶቻችን ገንዘቡ የኔ ቢሆን፣ ክረምቱ እንደወጣ ፍሬ የተነሰነሰበት የጠርዝ መስመር አስቀባበት ነበር፤ መሐሉን ጭረት አስቆርጥበት ነበር፤ በመንደሩ መሻገሪያ ላይ ደግሞ ከላይ የሚያበራ አምፖል እተክልበት ነበር።

የተረፈ ገንዘብ ካለ ደግሞ ለሰውና ለጋሪ አውለው ነበር። ያቺው ፊንላንድ፣ ምሰሶው ያሳሳታት፣ መልሱን ከፔርቴሊ መንደር አግኝታለች። አርቪ ሌህቲ የሚባል የፕላስቲክ ሠራተኛ የፈረስ ጋሪ እንዳይገጭ አንጸባራቂ ሠርቶ ነበር፤ በ1960ዎቹ እግረኛ ከካፖርቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሆነ። አሁን የፊንላንድ ሕግ በጨለማ የሚሄድ እግረኛ አንጸባራቂ እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ለማይዘው ግን ቅጣት አልደነገገም። ኢስቶኒያ ትቀጣለች። በአጭር መብራት ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው 50 ሜትር ሳይሞላ የሚታይበት ቦታ ላይ፣ አንጸባራቂ የያዘው ከዚያ እጥፍ በላይ በሆነ ርቀት ይታያል፤ ለመቆም ከሚያስፈልገው 53 ሜትርም ይተርፋል። ዋጋው ከአንድ ካሬ ሜትር የሚያበራ ቀለም ጋር ለመወዳደር እንኳ አይበቃም፤ በጋሪው ጀርባ ላይ ለመለጠፍም መሐንዲስ አያስፈልግም።